ስለ ጣና ዓሳ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ጓዶች፣ የተማርኩት የዓሳ ስነ-ህይወት ነው፣ ዛሬ ማታ ጊዜ አለኝ፣ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ውሃ ውስጥ ያለ ዓሳ እንዴት ይቆጠራል? ዝም ብሎ ግምት ነው አይደል?

መልስ፦ ግምት ነው ግን የጭፍን አይደለም። በለው 200 ዓሳ ይዘህ ምልክት አርገህ ለቀቅክ፣ ቆይተህ 100 ስትይዝ 10ሩ ምልክት ካላቸው ጠቅላላው ወደ 2000 ነው ማለት ነው። ጣና ግን ከ3000 ስኩዌር ኪሎሜትር በላይ ስለሆነ ይሄ አያዋጣም፣ እዛ አንድ ጀልባ በአንድ ጉዞ ስንት ይዞ ገባ የሚለውን ከዓመት ዓመት እያነፃፀርን ነው የምናየው።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ (ቲላፒያ) አሁንም አለ፣ ነጭ ዓሳ ለምን ብቻውን ተመናመነ?

መልስ፦ ቆሮሶ እዛው ሐይቁ ዳር ይራባል፣ እናቲቱ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታስፈለፍለው። ነጭ ዓሳ የምንለው ደግሞ አንድ ዓሳ አይደለም፣ 15 ገደማ ዝርያ ነው (8ቱ ሌላ ዓሳ እየበሉ የሚኖሩ፣ ያውም መንጋጋቸው ላይ ጥርስ ሳይኖር!)። ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት፣ ብዙዎቹም ክረምት ላይ ተሰብስበው ጠጠር ላይ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ወንዞች ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ሲመጣ ወንዙ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ነው፣ እንቁላል የያዘችውን ሳትጥል ማውጣት። እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ሐይቁ ውስጥ ያሉት ጠቅላላ ክብደት በ75 ፐርሰንት ገደማ ወረደ፣ ትንንሾቹ ደግሞ ከዛም በላይ፣ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው ምክንያቱም ተተኪ የለም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ጋ ብርብራ (ዓሳ የሚያደነዝዝ የዛፍ ፍሬ) ፈጭተው ወንዝ ውስጥ ይበትናሉ፣ ከመረብ ይብሳል?

መልስ፦ በጣም። መረብ ቢያንስ ዓይኑ ሰፊ ከሆነ ትንሹን ያሳልፋል፣ ብርብራ ጫጩቱንም አይምርም።

ጥያቄ፦ ከታች ከዓባይ ሌላ ዓሳ መጥቶ አይተካቸውም?

መልስ፦ ጢስ ዓባይን በየት በኩል ይወጣዋል ወንድሜ፣ 40 ሜትር ገደማ እኮ ነው። ተነጥለው ስለቀሩ ነው ዝርያቸው እንዲህ የበዛው፣ ከ15ቱ አንዱ ሲቀር ሌሎቹ ከጣና ውጪ የትም የሉም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሐይቁ ይዘጋ? አስጋሪው ምን ይብላ?

መልስ፦ ሐይቁ ምን በወጣው፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጨረሻ የወንዞቹን አፍ ብቻ መተው ነው፣ በዛን ጊዜ ሐይቁ ላይ ቆሮሶና አምባዛ (ካትፊሽ) ይያዛል። የወንዙን አሸዋና ጠጠር በመኪና መጫንም ይቁም፣ እንቁላሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።