ቁልፍ እያለ ፈንጂ ለምን? (አንገት ላይ ስለሚታሰር ፈንጂ ለጠየቅከው)

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አየሁት። ልብ ወለድ እየጻፍክ ነው። አጋቾች ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ባላለቀ ሕንፃ ውስጥ አራት ሰዎች ይይዛሉ። እንዳያመልጡ አንገታቸው ላይ ከርቀት የሚፈነዳ ነገር ያስሩባቸዋል። አንተ የጠየቅከው አንገት ላይ የሚታሰረው ይሻላል ወይስ ቆዳ ስር የሚቀበረው፣ አንባቢስ «ይሄማ ፊልም ነው» ብሎ እንዳይተወው ምን ላድርግ የሚል ነው።

እኔ ደራሲ አይደለሁም። ሥራዬ መኪና ላይ ጂፒኤስ መግጠም ነው፤ ያውም አንተ ታሪክህን ባስቀመጥክበት ሰፈር። አይሱዙ፣ ሲኖትራክ፣ ሚኒባስ፣ አልፎ አልፎ ባጃጅ። ፊልሙን ደግሞ ከቪዲዮ ቤት ዘመን ጀምሮ ስኮመኩመው ኖሬያለሁ። ስለዚህ ትንሽ ልዘላብድ።

መጀመሪያ ታሪክህ ላይ ያለውን ቀዳዳ ልንገርህ። ሰዎቹ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። በር ላይ ጠባቂ አለ። ታዲያ ፈንጂው ምን ሊሠራ መጣ? ቁልፍ ይበቃል እኮ! ፈንጂ አንገቱ ላይ የሚታሰርበት ሰው ወደ ውጭ ሊላክ የተፈለገ ሰው ነው። ብቻውን ሄዶ፣ የታዘዘውን ሠርቶ፣ በራሱ እግር እንዲመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን «ኤስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ»ን አስታውስ። ማንሃተን ሙሉዋን እስር ቤት ሆናለች። ፕሬዚዳንቱ እዚያ ውስጥ ወድቋል። አንድ ወንጀለኛ ገብቶ እንዲያወጣው ይልኩታል። መድኃኒት ነው ብለው አንገቱን ይወጉታል፤ ከዚያ የደም ሥርህ ውስጥ ፈንጂ ገብቷል፣ 22 ሰዓት አለህ ይሉታል። በ2016ቱ «ሱሳይድ ስኳድ»ም ያው ነው፤ እስረኞቹን ለግዳጅ ሊያወጧቸው ስለፈለጉ ነው አንገታቸው ውስጥ የቀበሩባቸው።

ስለዚህ ከአራቱ አንዷን ጠዋት ከሕንፃው አውጣት። አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ ትሳፈር። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲል ልጅ ያዘለች እናት አጠገቧ ትቀመጥ። ከታክሲው ወርዳ ባንክ ስትደርስ ደግሞ ፈታሿ እጇን ዘርግታ ትጠብቃታለች። በከተማችን ሳይፈተሹ የሚገባበት ትልቅ በር አለ እንዴ? ባንኩ ፍተሻ፣ ሆቴሉ ፍተሻ፣ መሥሪያ ቤቱ ፍተሻ። የፈረንጅ ደራሲ ይህን ጭንቅ ፈልጎ ነው የሚያመጣው። ለአንተ ግን በየበሩ ቆሞልሃል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። ብዙ ሰው ሳተላይት መኪናውን ቁልቁል የሚያየው ይመስለዋል። አያየውም። የምንገጥመው ዕቃ ከሳተላይት ሲግናል ተቀብሎ ያለበትን ቦታ ራሱ ያሰላል። ከዚያ ውስጡ ባለው ሲም ካርድ በስልክ ኔትወርክ ለባለቤቱ ይልካል። ከሁለቱ አንዱ ከተቋረጠ ባለቤቱ ስልኩ ላይ የሚያየው የቆየ ነጥብ ነው።

አንድ የአይሱዙ ባለንብረት «ሌሊት ሌሊት ትጠፋብኛለች» ብሎ መኪናውን አመጣልኝ። ዳሽቦርዱን ስፈታው ዕቃው በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ፣ በላዩ ጥቁር ፕላስተር ዞሮበት ተቀምጧል። የፕላስተሩ ጫፍ ለመላጥ እንዲመች ታጠፍ ተደርጓል። ሥራው ንጹህ ነው፣ እኔም እንደዚያ አልጠቀልለው። ሹፌሩ አጠገባችን ቆሞ በመፋቂያ ጥርሱን ይፍቃል፤ ዓይኑ አስፋልቱ ላይ ነው። እንግዲህ ሲግናሉን እንዲህ የጋረደው ለትርፍ ጭነት ነው። አንገቱ ላይ ፈንጂ ያለበት ሰውማ ምን አያደርግ!

እና ከፈንጂው በፊት መወሰን ያለብህ ነገር ይህ ነው፦ ሲግናል ሲጠፋ ምን ይሆናል? ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ የሚፈነዳ ከሆነ ታጋቹ ትእዛዙን ይጋርዳል። ሲግናል ሲቋረጥ የሚፈነዳ ከሆነ ደግሞ በእኛ ሰፈር ሰዎችህ እራት ሳይደርስ አልቀዋል። ምድር ቤት ሲወርዱ ኔትወርክ የለም። መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ የሚልፈሰፈስበት ቀን አለ። ማንም ሳያመልጥ፣ ማንም ሳይጫነው፣ ድው!

የእኛ ዕቃ ሞተር ማጥፊያም አለው። ባለቤቱ መልእክት ይልካል፣ ሪሌዩ (በኤሌክትሪክ የሚሠራው ማብሪያ ማጥፊያ) የነዳጅ ፓምፑን መስመር ይቆርጣል፣ መኪናው ይቆማል። ግን ብዙዎቹ ዕቃዎች ትእዛዙ ቢደርሳቸውም ፍጥነቱ በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በታች እስኪወርድ ይጠብቃሉ። የአዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ ድንገት ቢጠፋ ሰው ያልቃላ። መኪና ለማስቆም ይህን ያህል ከታሰበ፣ የአንተ አጋችም ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት። ካላሰበ አንባቢ ይንቀዋል።

ጥሩዎቹ ፊልሞች የሚለያዩት በዚህ ሕግ ነው። በ1987ቱ «ዘ ራኒንግ ማን» ሕጉ ድንበር ነው፤ የካምፑን መስመር ያለፈ እስረኛ ጭንቅላቱ ይሄዳል። በ2000 የወጣው የጃፓኖቹ «ባትል ሮያል» ተማሪዎችን ደሴት ላይ ይለቅና የተከለከለ ቀጠናና የሦስት ቀን ገደብ ያስቀምጥባቸዋል። እኔ ግን የ1991ዱ «ዌድሎክ» ይበልጥብኛል። እዚያ አንገት ላይ ያለው ጥንድ ጥንድ ነው። ጥንዶቹ ከ100 ያርድ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ በላይ ከተራራቁ ሁለቱም ይፈነዳሉ። እስረኞቹ ደግሞ ጥንዳቸው ማን እንደሆነ አያውቁም። በቃ፣ ሁሉም የሁሉም ዘበኛ ሆነ። ጠባቂ መቅጠር እንኳ አያስፈልግም።

ለአንተ የምመርጥልህ ግን ሰዓት ነው። ሰዓት ኔትወርክ አይፈልግም። ወረቀት ብትጠቀልልበትም ይቆጥራል። ደግሞ አስበው፤ አጋቹ «እስከ 12 ሰዓት ተመለሺ» ይላታል፣ ዕቃው ውጭ አገር የተሠራ ነው፣ ማን በየትኛው አቆጣጠር እንደሞላው እሷ በምን ታውቃለች? ስድስት ሰዓት ልዩነት ቀላል አይደለም።

ባትሪውንም አትርሳ። ውጭ አገር ተጠርጣሪ እግር ላይ የሚታሰረው መከታተያ አብዛኛውን ጊዜ በየቀኑ ቻርጅ ይደረጋል። (በነገራችን ላይ እሱም ከልብ ወለድ ጋር ዝምድና አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 በኒው ሜክሲኮ አልበከርኪ ሥራ ላይ ያዋሉት ዳኛ ጃክ ላቭ ሐሳቡን ያገኙት ከስፓይደርማን የሥዕል ታሪክ ነው።) እና ታጋቿ ማታ ማታ ሶኬት ሥር ተቀምጣ የራሷን ፈንጂ ቻርጅ ታድርግ። አጋቾቹ «ካለቀበት ይፈነዳል» ብለዋታል። ገመዱ አጭር ስለሆነ አንገቷን ወደ ግድግዳው አዘንብላ ነው የምትቀመጠው። ከዚያ መብራት ይጥፋ። አንድ ምዕራፍ ሙሉ ከዚህ ይወጣል።

ቆዳ ስር የሚቀበረውን በአጭሩ ልለፈው። ውሻ ላይ የሚቀበረው ቺፕ የሩዝ ፍሬ ታህላለች፤ ግን ባትሪ የላትም። ማንበቢያውን ቆዳው አጠገብ ካላደረስከው ዝም ነው። ውሻው የት እንዳለ አትናገርም። ቦታ እንድትናገር ባትሪ፣ አንቴናና ሲም ስትጨምርባት ሩዝ ማከሏ ቀረ። ቀዶ ጥገናውን ማን ይሠራዋል የሚለው ሌላ ጣጣ ነው። የተቀበረው አንድ ጥቅም ግን አለው፤ አለ ወይስ የለም ብሎ ታጋቹ ራሱን ይበላል። «ሱሳይድ ስኳድ» ላይ አንዱ ሌላውን «ማስፈራሪያ ነው» ብሎ ያሳምነዋል፤ የተሳመነው ሊያመልጥ ሲል ይሞታል። ሐሳቡ አሪፍ ነበር፣ ነገር ግን ሰውዬው ገና ሲገባ ሊሞት እንደመጣ ያስታውቃል። አንተ ለማሳያ ማንንም አትግደል። ሳይረጋገጥ ይቆይ። ደግሞም አጋች የሚፈልገው ገንዘብ ነው፤ የሞተ ታጋች ምን ያመጣለታል?

እውነት የሆነም አለና ቀልድ አታድርገው። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ውስጥ፣ በፔንሲልቬንያዋ ኢሪ ከተማ፣ አንድ ፒዛ አድራሽ አንገቱ ላይ ፈንጂ ተቆልፎበት ባንክ ዘረፈ። ፖሊስ ያዘው። ፈንጂ አምካኞቹ ሳይደርሱ ፈነዳና ሞተ። ሴራው ውስጥ እጁ ነበረበት አልነበረበትም እስከ ዛሬ ያከራክራል። እንዳልኩህ ነው፤ እሱም የታሰረበት ለመላክ ነው።

ከምን እንደተሠራ፣ ምኑ ከምን ጋር እንደተያያዘ አትጻፍ። ታሪኩ አይፈልገውም፣ እኔንም ብትጠይቀኝ አልነግርህም። ቀይ ሽቦ ሰማያዊ ሽቦም ይቅርብን፣ ጠግበናል።

ይልቅ አንድ ያላየሁት ነገር አለ። ሪሞቱ ማን እጅ ነው? አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ይተኛል፣ ይሰክራል፣ ሚኒባስ ውስጥ ኪሱ ይበረበራል። ሁለት ከሆኑ ደግሞ አንዱ ሌላውን አያምንም። እሱን ወስንና የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዚሁ ልቀቀው፣ አነብልሃለሁ።