ቶርክ ኮንቨርተር ከተቀየረ በኋላ፦ ከጎጃም ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ጥያቄ ሰሞኑን በዝቶብኛል። ብዙው አንድ ዓይነት ነው፤ ከመኪናው ፋብሪካ ውጭ የተሠራ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት በዘይት አማካይነት ወደ ካምቢዮው የሚያሻግረው ክፍል) ተገጥሞ መኪናው ጠባዩ ተቀየረ። ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። አደራ ግን፣ የካምቢዮውን ዘይት ሳታዩ ምንም ነገር አትነካኩ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጋሼ፣ የቆየች ኮሮላ አለችኝ። ኮንቨርተሩ ከተቀየረ ወዲህ ማርሽ ዘግይታ ትቀይራለች፣ ስትቀይርም ትመታለች። መካኒኩ ኮምፒውተሩ ነው ይላል።

ኮምፒውተሩን ተወውና ኬብሉን እይ። በቆዩት ቶዮታዎች ከትሮትሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ ቀጭን ኬብል አለ። ካምቢዮው ሲወርድ ይፈታል፤ ሲመለስ በግምት ይታሰራል። ከጠበቀ የዘይቱ ግፊት ይጨምርና ያልከው ነገር ይመጣል። ከላላ ደግሞ ማርሹ ለስለስ ብሎ ቶሎ ይገባል። ሰው ደስ ይለዋል፤ ውስጥ ግን ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ስለዚህ ምቾት ፍለጋ እንዳታላላው። ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ፣ ኬብሉ ላይ ያለችው ማቆሚያ ከላስቲኩ ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊሜትር ነው የምትርቀው።

ኬብል የሌላቸው አዳዲሶቹ ላይ ኮምፒውተሩ የያዘው የድሮው የማርሽ አቀያየር ትዝታ በስካነር ይጠፋል። ከዚያ ረጋ ብሎ በሁሉም ማርሽ መንዳት ነው።

ከቡሬ፣ ከአንድ መካኒክ፦ ስቶል ቴስት ሠራን (ማርሽ ገብቶ፣ ፍሬን ተይዞ፣ ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚደርስ ማየት)። ማንዋሉ 2,400 ይላል፣ እኛ ያገኘነው 2,100 ነው። ኮንቨርተሩን እናውርደው?

እንዳታወርዱት! ይሄ ጥያቄ ደስ ብሎኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ደህና ኮንቨርተር በዚህ ምክንያት ይወርዳል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ እናንተ ዘንድ ሃያ በመቶ ጎድሏል ማለት ነው። ስቶሉ ግን በዚያው ልክ አይወርድም። ከጉልበቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ ሃያ በመቶ ጉልበት ሲቀንስ ዙሩ አሥር በመቶ ገደማ ይቀንሳል። 2,400 የነበረው 2,150 አካባቢ ይሆናል። ማንዋሉ ራሱ 150 ወደ ላይና ወደ ታች ይፈቅዳል። ቁጥራችሁ ጤነኛ ነው።

ከማንዋሉ ቁጥር ከ600 በላይ ቢወርድ የስታተሩን (ኮንቨርተሩ ውስጥ የዘይቱን አቅጣጫ የሚመልሰውን ክፍል) አንድ አቅጣጫ ፍሪሲዮን እጠረጥራለሁ። ከፍ ቢል ደግሞ ወይ ዘይት አንሷል፣ ወይ ውስጥ የሚንሸራተት አለ፣ ወይም ኮንቨርተሩ ሲሠራ ለከፍተኛ ስቶል ነው የተሠራው። ሻጩን ጠይቁት።

ሙከራው ዘይቱ ሞቆ፣ ጎማው ታግዶ፣ ሁለቱም ፍሬን ተይዞ ነው። ከ5 ሴኮንድ አይለፍ። ፊት ለፊት ሰው አይቁም።

ከባሕር ዳር፦ 3,000 ስቶል ያለው የስፖርት ኮንቨርተር ባስገባስ?

ለውድድር ካልሆነ ትርፉ ሙቀትና ነዳጅ ነው። ተወው።

ከደጀን፦ የዓባይን በረሃ ስወጣ ካምቢዮው ይግላል፣ ዘይቱም ይሸታል።

ከወንዙ እስከ እናንተ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው የሚወጣው። በዝግታ ስትወጣ ኮንቨርተሩ አይቆለፍም፣ ማለትም ሞተሩንና ካምቢዮውን አንድ ላይ አያስርም፤ ዘይቱን እየናጠ ያሞቀዋል። ኦቨርድራይቩን አጥፋና 2 ላይ አድርገው፣ ሞተሩ ይጩህ። ስትወርድም 2 ወይም L እንጂ N እንዳትሞክር። ሌላው፣ የድሮው ኮንቨርተር ሲበላሽ የብረት ብናኝ ራዲያተሩ ውስጥ ወዳለው የዘይት ማቀዝቀዣ ይገባል። ሲቀየር ማቀዝቀዣው ታጥቧል ወይ? ካልታጠበ አዲሱም አይበረክትም። የሸተተውን ዘይት ግን አሁኑኑ ቀይረው።

ከፍኖተ ሰላም፦ በ70 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይንቀጠቀጥብኛል።

ነዳጁን ሳትለቂ በግራ እግርሽ ፍሬኑን ነካ አድርጊው። ንቅጥቃጤው ወዲያው ከቆመ የኮንቨርተሩ መቆለፊያ ነው። ካልቆመ ካንዴላ አሳዪ። መቆለፊያው ከሆነ የዘይቱን ዓይነት አጣሪ፤ ቲ ፎር የሚፈልግ ካምቢዮ አለ፣ ደብሊው ኤስ የሚፈልግ አለ። ቪትዝ ከሆነች ደግሞ ብዙዎቹ ሲቪቲ (በደረጃ የሚቀየር ማርሽ የሌለው ካምቢዮ) ናቸው፤ የእነሱ ዘይት ጭራሽ ሌላ ነው። «ያው ቀይ ዘይት ነው» የሚልሽን አትስሚ።

ከዳንግላ፦ መካኒኩ ካምቢዮውን አልገባ ሲለው በብሎን እያጠበቀ ሳበው። ገና አልተነሳም። ችግር አለው?

አለው፣ እንዳታስነሳው። ኮንቨርተሩ በእጅ እየተዞረ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ «ቀጭ» እያለ የካምቢዮው ዘይት ፖምፓ ውስጥ መግባት አለበት። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ሲጋጠም በእጅ በነፃ ይዞራል፤ ከስሱ ቮላኖ (ሞተሩ ላይ ካለው፣ ኮንቨርተሩ ከሚታሰርበት ሳህን) ጋርም ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ይኖረዋል። ክፍተት ከሌለ ፖምፓውን እየገፋው ነው፣ ምናልባትም ሰብሮታል። አውርዶ ፖምፓውን ያሳይህ። ሲመልሰው አንድ ሊትር ያህል ዘይት ኮንቨርተሩ ውስጥ ይጨምርበት።