ከመስቀል በኋላ ጣልያን በቡድን ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

አራት ኪሎ አካባቢ 31 ዓመት ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ቶሮንቶ ያለችው ልጄ፣ "እማዬ፣ ስለ ሮም ስታስተምሪ ኖረሽ አንድ ቀን እንኳ ሳታዪያት?" ብላ የጉዞዬን ወጪ ልትሸፍን ተነሥታለች።

ከመስቀል በኋላ የሚነሡ ሁለት የቡድን ጉዞዎች አግኝቻለሁ። አንደኛው በ11 ቀን ሮምን፣ ፍሎረንስን፣ ፒዛን፣ ቬኒስን፣ ሚላኖን፣ ሉሰርንንና ፓሪስን ያሳያል። ሁለተኛው 8 ቀን ነው፤ ሮምና ፍሎረንስ ብቻ። ዋጋቸው ይቀራረባል። የዕድር ጓደኞቼ "በዚያው ገንዘብ ሰባት ከተማ እያለ ሁለት ማየት ምን የሚሉት ነው?" ይሉኛል። ልጄ ደግሞ "ቡድን ምን ያደርግልሻል፣ ስልክሽን ይዘሽ ብቻሽን ሂጂ" ትላለች። እኔ ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ። ከማላውቀው ሰው ጋር ክፍል መጋራቱም ያሳስበኛል። እርስዎ ነገሩን በሁለቱም ወገን ያውቁታልና ምን ይመክሩኛል? የሁለቱንም ፕሮግራም አያይዤ ልኬያለሁ።

መምህርት ነበርኩ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ

እንደምን ከረሙ መምህርት?

"በሁለቱም ወገን" ያሉት እውነት ነው። 26 ዓመት የውጭ አገር ሰዎች ይዤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ አክሱም፣ ላሊበላ ስል ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ ደግሞ እኔው ራሴ አንገቴ ላይ ባጅ አንጠልጥዬ፣ ዣንጥላዋን ከፍ አድርጋ የምትሄድ ልጅ እየተከተልኩ ሮምን ዞርኩ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። አስጎብኚ ሲደክመው ቢያንስ አውቶቡሱ መቼ እንደሚነሣ ያውቃል።

መልሴን ሳላስጠብቅ ልንገርዎ፤ ይሂዱ፣ በቡድን ይሂዱ፣ በስምንት ቀኑ ይሂዱ። ልጅዎ ቅር እንዳትሰኝ እንጂ፣ መጀመሪያ ከአገር የሚወጣ ሰው በባዕድ አውሮፕላን ማረፊያ ሌሊት ብቻውን ሻንጣ ሲፈልግ አይቻለሁ። ስልክ ያንን አያቀልም። የሚቀጥለውን ጉዞ ብቻዎን ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ዕድር ጓደኞችዎ። መነጽሬን አድርጌ የአሥራ አንዱን ቀን ፕሮግራም ደጋግሜ አነበብኩት። ከአሥራ አንዱ ሁለቱን በረራ ይወስደዋል። በቀሩት ዘጠኝ ቀናት አምስት ጊዜ ሆቴል ይቀይራሉ። ሆቴል መቀየር ምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሻንጣ በር ላይ፣ 1:30 ቁርስ፣ 2 ሰዓት አውቶቡስ። ሁለት ሰው ይዘገያል፤ ሁልጊዜ ሁለት ሰው ነው፣ ሁልጊዜም ያው ሁለት ሰው ነው። መንገድ ላይ 30 ሰው መጸዳጃ ቤት ደርሶ እስኪመለስ አርባ ደቂቃ ይሄዳል። ባሕር ዳርና ጎንደር መካከል 180 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኔ ግን ከቡድን ጋር ግማሽ ቀን ሳይፈጅብኝ ደርሼ አላውቅም። ከሉሰርን ፓሪስ ያለው መንገድ ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር እንደ መሄድ ነው፣ አስፋልቱ ቢያምርም መቀመጫው ያው መቀመጫ ነው።

ሹፌሩን ቶሎ በል ማለትም አይቻልም። በአውሮፓ ሕግ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ 45 ደቂቃ ማረፍ አለበት፤ የሚነዳበትን ሰዓት የሚመዘግብ መሣሪያም መኪናው ውስጥ አለ። ደግ ሕግ ነው፤ እኛ አገር በነበረኝ ብዬ ስንት ጊዜ ተመኝቻለሁ። የእርስዎን ፕሮግራም የሚወስነው ግን የሹፌሩ ሰዓት ይሆናል፣ ሙዚየሙ አይደለም።

በወረቀቱ ላይ ሦስት ቃላት አስምሬባቸዋለሁ። "ፓኖራሚክ" ሲል በመስኮት ያያሉ፣ አይወርዱም ማለት ነው። ፓሪስን እንዲሁ ነው የጻፏት። "አማራጭ ጉብኝት" ሲል እዚያ ሲደርሱ ሌላ ገንዘብ ይከፍላሉ። "በሮም አካባቢ የሚገኝ ሆቴል" የሚለው ግን እኔንም አቃጥሎኛል። የወሰደኝ ድርጅት (ስሙን አላነሣም) ያሳደረን ሮምን ከሚዞረው 68 ኪሎ ሜትር የቀለበት መንገድ ወዲያ ማዶ ነበር። ፒያሳ ብሎ ሰበታ እንደ ማሳደር ነው። ማታ ወጥቶ ቡና መጠጣት የለ፣ አደባባይ ላይ መቀመጥ የለ፤ ራት በልተን እንደ አዳሪ ተማሪ ወደ ክፍላችን። የሆቴሉን ስም በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ልጅዎ ካርታ ላይ ትፈልገው፣ እስከ ሜትሮ (የምድር ውስጥ ባቡር) ጣቢያ በእግር ስንት ደቂቃ እንደሆነ ትይልዎ።

የስምንቱን ቀን የወደድኩለት ምክንያት ግን ይሄ ሁሉ አይደለም። በአራተኛውና በስድስተኛው ቀን "ከሰዓት በኋላ ነጻ" ይላል። ጓደኞችዎ ይሄንን ባዶ ቦታ አይተው "አጭበረበሩሽ" ሳይሉዎት አልቀረም። እኔ ግን የራሴን ላጫውትዎ።

አክሱም ቱሪስት ስወስድ፣ ከቆመው ሐውልት አጠገብ ባዶ መሬት እያሳየሁ "እዚህ የነበረው ሮም ነው ያለው" እል ነበር። ይሄን ዓረፍተ ነገር ስንት መቶ ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲመጣ፣ በ2000 ዓ.ም. ተመልሶ ሲቆም፣ አባባሌን መቀየር ነበረብኝ፤ ለጥቂት ጊዜ አፌ እምቢ ብሎኝ ነበር። ታዲያ ሮም ስሄድ ማየት የፈለግሁት ኮሎሲየሙን አልነበረም፣ ሐውልታችን ቆሞበት የነበረውን ቦታ ነው።

አውቶቡሳችን በዚያው በኩል አለፈ። አስጎብኚዋ በግራ በኩል ያለውን የጥንት የፈረስ ሠረገላ መወዳደሪያ፣ ቺርኮ ማሲሞን፣ ታስረዳለች፤ ሰው ሁሉ ወደ ግራ ዞሯል። እኔ በቀኝ መስኮት ተለጥፌያለሁ። "እባክሽ እዚህ አንድ ጊዜ ያቁሙልን" አልኳት። መቆም አይቻልም፣ ቀጣዩ ቦታ የተቆረጠ ሰዓት አለው አለችኝ። አልተቀየምኳትም። እኔም ጎንደር ላይ ለአንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ ልክ እንደዚያው ብዬዋለሁ፤ ምን ማየት ፈልጎ እንደነበር እንኳ አልጠየቅኩትም። እስካሁን ትዝ ይለኛል።

እኔን ያዳነኝ አንድ ነጻ ከሰዓት ነው። ሌሎቹ ገበያ ሲሄዱ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት እዚያ ነው፤ ሕንፃው ሲጀመር ግን የጣልያን የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሚኒስቴር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሐውልቱን ያቆሙት ከፊቱ ነበር። አሁን የለም። አንዲት ሴት ውሻ ይዛ ታልፋለች። ከፊት ለፊቱ አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ፤ ባዶ ቦታ ማሳየት ሥራዬ ነበርና አንድም የማሳየው ሰው አጣሁ።

እርስዎ ይሄንን ለ31 ዓመት በጠመኔ ሰሌዳ ላይ ጽፈውታል። በሉሰርን ድልድይ ላይ ፎቶ የሚነሡት ሌላ ጊዜ ይድረስዎ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው "የመጸው ጉዞ" ብሏል። በእኛ መጸው አደይ አበባ ነው፣ በእነሱ ቅጠል መርገፊያ። የሮም ሙቀት ግን መስከረም መጨረሻ ላይ በርዶ ለእርጅና የሚመች ይሆናል። የጥቅምት ማለቂያና ኅዳር ዝናብ ይበዛባቸዋልና ፕሮግራሙ ላይ ካሉት ሁለት መነሻ ቀናት የመጀመሪያውን ይያዙ። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ስለሚገባም ያኔ የሚያስጨንቅዎ ረቡዕና ዓርብ ብቻ ይሆናል፤ ጽጌን ከሚጾሙት ከሆኑ እሱ እንደ ፈቃድዎ ነው። ለጾሙ ጣልያን ከባድ አገር አይደለም። ፓስታ በስልስ፣ ያለ አይብ ይበሉ። "ማሪናራ" የሚሉት ፒዛ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ነው፣ አይብ የለውም። ባቄላውና ምስሩም አለ። ቋንጣና ቅቤ ግን በሻንጣዎ እንዳይይዙ፤ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ሥጋና የወተት ውጤት መንገደኛ ይዞ አይገባም። እኔ በሶና ቆሎ ይዤ ነው የገባሁት፣ አውቶቡስ ውስጥም ወዳጅ አፍርቶልኛል።

ቪዛው ላይ ትኩረት ይስጡ። ቡድን ቢሆኑም ቪዛ የሚጠየቀው በግለሰብ ነው፤ ሃያ ዘጠኙ ተፈቅዶላቸው እርስዎ ሊከለከሉ ይችላሉ። የሸንገን፣ ማለትም የብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ማመልከቻ ከጉዞው ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ይገባል፤ ቢዘገይ እስከ 15 ቀን። መልሱ ለሌላው አገር ሰው እንደ ደንቡ በ15 ቀን ነው፣ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ግን ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ 45 ቀን ሆኗል። ከመስቀል በኋላ የሚነሣ ሰው ነሐሴን መጠበቅ የለበትም፤ ሰኔ ላይ ይጨርሱ። የማመልከቻው ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ያስፈልግዎታል። ፓስፖርትዎ ከተመለሱ በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር የሚቆይ ይሁን። የጡረታ ደብተርዎ፣ የቤት ካርታ ካለዎት እሱ፣ የባንክ እንቅስቃሴ፣ የልጅዎ የወጪ ሽፋን ደብዳቤ፣ ሁሉም አንድ ፋይል ውስጥ።

አስጎብኚ ድርጅቱን ቅድሚያ ክፍያ ከመክፈልዎ በፊት እንዲህ ብለው ይጠይቁት፤ ቪዛ ብከለከል ስንት ትመልሱልኛላችሁ? ሰው ባይሞላ ጉዞው ይሰረዛል ወይ? ዋጋው በዩሮ ነው ወይስ በብር፣ በየትኛው ቀን ምንዛሪ? ከ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወዲህ ምንዛሪ በገበያ ስለሆነ፣ በሰኔ የተነገረዎት ብር በመስከረም ያው ላይሆን ይችላል። በቃል "አይዞዎት እትዬ" የሚልዎት ካለ፣ አይዞዎቱን ወረቀት ላይ ያስፍርልዎ።

ክፍሉን ግን አይጋሩ። ለብቻ መተኛት ተጨማሪ ያስከፍላል፤ ልጅዎ ገንዘብ የምታወጣበት ነገር ከፈለገች ይሄ ነው። እኔ የተጋራሁት ከአንድ የመርካቶ የመለዋወጫ ነጋዴ ጋር ነበር፤ ወርቅ ሰው። ሠራተኛው ግን ሱቅ ሊከፍት ሲል በየቀኑ ሮም ገና ሌሊት 11 ሰዓት ሳለ ይደውልለታል። የካምቢዮ ዘንግ ዋጋ አሁንም በቃሌ ይዤዋለሁ።

የጉልበትዎን ነገር ለሐኪም ልተው። አንድ ፈተና ግን አለኝ። የሮም መሀል ከተማ እንደ እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ነው፣ ትላልቅ አውቶቡሶችም ብዙውን ቦታ ስለማይገቡ ወርዶ መሄድ አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ ፒያሳ ይውጡ። ቶሞካ ጋ ቆመው አንድ ቡና ይጠጡ፤ ጣልያንም ቡናውን ቆሞ ነው የሚጠጣው፣ ሲቀመጡ ዋጋው ይጨምራል። ከዚያ ቸርችልን ወርደው ለገሃር፣ የይሁዳ አንበሳ ሐውልቱ ጋ። እሱም ጣልያን ወስዶት ሮም ኖሮ የተመለሰ ነው። ከዚያ በእግርዎ ዳገቱን ይመለሱ። ማግስቱን እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግርዎ ከሄዱ ሮምን ይችሉታል። ካልቻሉ ከአሁኑ እስከ መስከረም በየቅዳሜው ይለማመዱ። እዚህ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ የለመደ ሳንባ እዚያ ወደ ባሕር ጠለል ተጠግቶ ዝቅ ሲል ቀላል ይሆንለታል።

በአራተኛው ቀን ነጻ ከሰዓት፣ ተርሚኒ ከሚባለው ትልቁ የባቡር ጣቢያ አጠገብ የዶጋሊ ሐውልት አለ። በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች መታሰቢያ ነው፤ የእኛ አንበሳም በወረራው ጊዜ ያቆሙት ከሥሩ ነበር። ብዙ አስጎብኚ አይጠቁመውም፣ እርስዎ ራስዎ ይፈልጉት። ከተርሚኒ ሰማያዊውን የሜትሮ መስመር፣ "ቢ" የሚባለውን፣ ወደ ኮሎሲየም በሚሄደው በኩል ይያዙ። ሦስተኛው ጣቢያ ቺርኮ ማሲሞ ነው። ሲወጡ ትልቁ ነጭ ሕንፃ ይታይዎታል። አደባባዩ ላይ አሁን ሁለት የጥንት አምዶች ቆመዋል፤ በኒው ዮርክ በመንትዮቹ ሕንፃዎች ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው፣ በእነሱ እንዳይሳሳቱ። የእኛው ቦታ ላይ ምንም የለም።