በልጅ ጉንጭ ላይ እንባ ለመጨመር ለምትቸኩሉ

ልጆቼ፣

ሰሞኑን የወጣት ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ ላይ ተገኝቼ ነበር። ከተሰቀሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ የሕፃናት ነበሩ፤ ከሕፃናቱም አብዛኞቹ ያለቅሳሉ። ጉንጭ ላይ የቆመ እንባ፣ የተቀደደ ሹራብ፣ ሽቅብ የሚማጸን ዓይን። እጃችሁ ጥሩ ነው፤ እሱን አልክድም። ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ከአርባ ዓመት በፊት ቡካሬስት ያየኋቸው ልጆች ትዝ አሉኝ።

በደርግ ዘመን ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቼ ሩማንያ ስገባ ክረምት ነበር። ማሞቂያ በቁጠባ ነበርና የቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለውን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ካፖርታችንን ሳናወልቅ ነበር የምንጎበኘው። አንድ እሑድ ሩማንያዊው ሠዓሊ ኒኮላይ ቶኒጻ የሳላቸው ልጆች ፊት ቆምኩ። ዓይኖቻቸው የተተከሉ ጥቁር የልብስ ቁልፎች ይመስላሉ። ነጩ ክፍል የለም ማለት ይቻላል፤ ሽፋሽፍቱም አንድ በአንድ አልተሳለም። ቀርባችሁ ስታዩት ክብ የጥቁር ቀለም ጠብታ ነው። ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ስትሉ ግን ልጅቷ ታያችኋለች። እንድታዝኑላት አትለምንም፤ እናንተ ማን እንደሆናችሁ እየመረመረች ነው።

ሰውየው ችግር ያላየ እንዳይመስላችሁ። በ1886 (ቁጥሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብርላድ ተወለደ፤ ያሽና ሙኒክ ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተማርኮ ቡልጋሪያ ውስጥ ታሰረ። ከጦርነቱ በኋላ ለግራ ዘመም ጋዜጦች ድኾችን ይስል ነበር፤ በ1920 የዳቦ ሰልፍ ላይ የቆሙ ሰዎችን ሥሏል። ረሃብን ከቅርብ ያየ ሰው ነው። ሴቶች ልጆቹንም እያስቀመጠ ይስል ነበር። ታዲያ እንባ ያስፈልገኛል ብሎ ማንንም አላስለቀሰም።

እዚህ ላይ የሙያ ነገር ላንሳ። የትልቅ ሰው ዓይን የሚያርፈው በራስ ቅሉ ቁመት እኩሌታ ላይ ነው፤ የሕፃን ግን ከእኩሌታው በታች ነው። ግንባሩ ሰፊ፣ አገጩ ትንሽ የሆነው ለዚህ ነው። ቶኒጻ ይህን ያውቃል፤ እንዲያውም አጋንኖ ዓይኑን ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ቀላል ነገር ምን ያህል እንደሚለውጥ የገባኝ ግን ሆሬዙ ገዳም ስሄድ ነው።

ገዳሙን በ1690 የመሠረተው የዋላኪያ (የዛሬዋ ሩማንያ ደቡባዊ ክፍል) ገዥ ቆስጠንጢን ብሪንኮቬያኑ ነው። ቤተ ክርስቲያኑን የሳሉት ቆስጠንጢኖስ በሚባል ግሪካዊ የሚመሩ ሠዓሊዎች ናቸው። በእኛ አብያተ ክርስቲያናት ያሠራው ሰው ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ እግር ሥር ተደፍቶ ይሳላል፤ እዚያ ግን መስፍኑ ከነቤተሰቡ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልጆቹ እንደ አባታቸው የከበረ ልብስ ለብሰዋል። ፊታቸውም የትልቅ ሰው ፊት ነው፤ ያነሰው ቁመታቸው ብቻ ነው። መምህራችን «ልጅ መሳል አልቻሉም» ሲሉ እኔም ተስማምቼ ነበር። ዛሬ አልስማማም። ሠዓሊዎቹ የተጠየቁት ወራሽ እንዲስሉ ነው፤ ልጅነት ትእዛዙ ውስጥ አልነበረም። ነሐሴ 15 ቀን 1714 ኢስታንቡል ውስጥ፣ በኦቶማኑ ሱልጣን ትእዛዝ፣ መስፍኑ ከአራት ወንዶች ልጆቹ ጋር አንገቱ ተቀላ። የመጨረሻው ማቴይ ገና ልጅ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1992 ቅድስና ሰጠቻቸው። ይህን ካወቅሁ በኋላ እነዚያን ትናንሽ ጎልማሶች ለማየት ሁለት ጊዜ ተመልሼአለሁ። ማንም እንባ አልሳለላቸውም።

በሆሬዙ ሠዓሊዎችና በቶኒጻ ዘመን መካከል ሠዓሊው ኒኮላይ ግሪጎሬስኩ አለ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተበት በአሥር ዓመቱ ሠዓሊ ዘንድ ተቀጠረ፤ የቅዱሳን ሥዕል እየሣለ ይሸጥ ነበር። በሃያ ዓመቱ የአጋፒያ ገዳምን ቤተ ክርስቲያን መሳል ጀመረ፤ ከዚያም ፈረንሳይ ሄደ። ሩማንያውያን እጅግ ይወዱታል፤ ስለዚህ ይቅር ይበሉኝ፣ የእሱ እረኛ ልጆች እግራቸውን ታጥበው የመጡ ይመስሉኛል። ልጅ ሆኖ እንጀራውን በብሩሽ ያገኘ ሰው ለምን እንዲህ አጣፈጣቸው? ምናልባት ያጣውን እየሣለ ይሆናል። ከእሱ ይልቅ ሌላው ሩማንያዊ ሠዓሊ ስቴፋን ሉኪያን የልጅ ጠጉር ሲታጠብ የሳለበት ሥዕል ይበልጥብኛል። በዚያ ሰዓት እጆቹ በሕመም ደክመው ነበር። የሳለው ግን ሁላችንም ቅዳሜ ቅዳሜ የምናውቀውን ሥራ ነው።

እንግዲህ ልጅ ስትስሉ ቆማችሁ በስልክ ፎቶ አታንሡ። ከላይ የተነሣ ልጅ ሁልጊዜ የሚለምን ይመስላል፤ ከሐዘኑ ግማሹ የካሜራችሁ ከፍታ ነው። በርጩማ አምጡና ዓይናችሁን ከዓይኑ ጋር አስተካክሉ። አይቀመጥላችሁም፤ ይንቀሳቀስ፣ እናንተም ሃያ ንድፍ አበላሹ።

ይህን የምለው እኔም ስላጠፋሁ ነው። ከቡካሬስት እንደተመለስኩ ፒያሳ አንድ ሊስትሮ ልጅ ሣልኩ። ሥዕሉ ሲያልቅ የሚሸጥ መስሎ ስላልታየኝ ወፍራም ነጭ ቀለም በብሩሽ ጫፍ አንሥቼ ጉንጩ ላይ አኖርኩ። ልጁ ሊያየው መጣና ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ «ጋሼ፣ መቼ ነው ያለቀስኩት?» አለኝ።

ያን ቀን ማታ እንባዋን በቡናማ ቀለም ሸፈንኳት። ሥዕሉ እስከ ዛሬ ሳሎኔ ውስጥ ተሰቅሏል። ጠዋት ጠዋት ብርሃን በመስኮት በኩል በአግድም ሲመታው፣ ከቀለሙ ሥር እንደ እብጠት ብላ ትታያለች።