ለአጎትህ ጠመንጃ፦ «ቀላሉን ይግዙ» የሚሉህን አትስማ

«አጎቴ ከአሜሪካ መጥተው ባሌ ላይ የደጋ አጋዘን ሊያድኑ ነው፤ ወረቀቱን እኔ ጎንደር ሆኜ እየጨረስኩላቸው ነው፤ ስንት ኪሎ የሚመዝን ጠመንጃ ይዘው ይምጡ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ ነው። መልሶቹን አየኋቸው። ግማሹ «የጎንደር ልጅ ሆኖ ስለ ጠመንጃ ይጠይቃል እንዴ?» እያለ ይቀልድብሃል። ሌላው «ተራራ ስለሆነ በጣም ቀላሉን ይግዙ» ብሏል። ቀልዱን እለፈው። ሁለተኛው ግን አጎትህን ጉድ ይሠራቸዋል።

እኔ ሰሜን ተራሮች ስካውት ነበርኩ። ከሳንካበር ግጭ፣ ከግጭ ጨነቅ ጠመንጃ አንግቼ ፈረንጅ ሳጅብ የኖርኩ ሰው ነኝ። (እዚያ ማደን ክልክል ነው፣ ለዋልያ የሚተኮሰው ካሜራ ብቻ ነው፤ ይሄን የምጽፈው አስተያየት መስጫው ላይ የሚንጫጫ ስለማይጠፋ ነው።) ክላሽ ከሙሉ ካዝና ጋር ወደ 4 ኪሎ ይጠጋል። ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ላይ ነው። አየሩ ሲሳሳ እያንዳንዷን ግራም ትከሻህ ይቆጥራታል። በኋላ አንድ የአደን ድርጅት ጠመንጃ ተሸካሚ አድርጎ ባሌ ወሰደኝ፣ የምነግርህም እዚያ ያየሁትን ነው።

1. ሻጩ የሚጽፈው ኪሎ የባዶው ጠመንጃ ነው። 3 ኪሎ ያለህ ጠመንጃ የማነጣጠሪያ መነጽሩ፣ የመነጽሩ ማሰሪያ፣ ማነገቻውና ጥይቱ ሲጨመሩበት 4 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። አጎትህ ሁሉንም ገጥመው ሚዛን ላይ ይውጡ፣ ከዚያ ያለ ጠመንጃ ይውጡ፣ ልዩነቱ ነው እውነተኛው ክብደት። እኔ አንዴ የራሴን ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ነጋዴ ጋ አስመዝኜ ሴትዮዋ ሳቅ በሳቅ ሆናለች። እኔ ብሆን ሁሉ ተገጥሞ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ያለውን ነው የምመርጠው። ይሄም ከከበዳቸው ችግሩ ጠመንጃው ሳይሆን ጉልበታቸው ነው፤ ከመምጣታቸው በፊት ዳገት ይውጡ።

2. ቀላል ጠመንጃ ለመሸከም ነው እንጂ ለመተኮስ አይመችም። ያው ጥይት ከ4 ኪሎ ጠመንጃ ወጥቶ ትከሻህን የሚመታበት ጉልበት፣ ከ2 ኪሎ ተኩል ጠመንጃ ሲወጣ በግማሽ ይጨምራል፣ እንዲያውም ያልፋል። ይሄን ነው ባሌ ላይ ጠመንጃውን የተሸከምኩለት ሰውዬ አልሰማ ያለኝ። እሱም እንዳንተ አጎት ከውጭ የመጣ ሐበሻ ነበር። በጣም ቀላል የሆነች፣ ላባ የምታህል 300 ማግነም (ኃይለኛ ጥይት የምትተኩስ ጠመንጃ) ገዝቶ መጣ። «ተራራ አይደል?» ይላል። ካምፑ አጠገብ ኢላማ ሲያስተካክል የመጀመሪያዋ ጥይት ጥሩ ነበረች። ከዚያ በኋላ ቃታውን ሳይስብ ዓይኑ ይጨፈናል፣ ትከሻው ይሸሻል። ትከሻውን ፈርቷል። አስተባባሪውን ጠርቼ «የድርጅቱን ከባዱን ጠመንጃ ስጡት፣ ይሄን ይዞ አይመታም» አልኩት። «አንተ ተሸከም፣ ስለመተኮሱ እኛ እናውቃለን» አለኝ። እሺ አልኩ፣ ምን ልበል።

አጋዘኑ ወደ 200 ሜትር ርቀት ላይ ጎኑን ሰጥቶን ቆመ። ወንዱ ከ200 ኪሎ የሚያልፍ አለ፣ ፈሪ እንስሳ ነው፣ እንዲህ ቆሞልህ ማግኘት ዕድል ነው። ሰውዬው ተኮሰ፣ ሆዱ ላይ አገኘው። እስኪመሽ አስታው (የደጋው ቁጥቋጦ) ውስጥ ደም ስንከተል ዋልን፣ በማግስቱም ወጣን፣ አላገኘነውም። ያቆሰልከው ደግሞ እንደገደልከው ይቆጠራል፤ በዶላር ሙሉውን ከፈለ። ቀንድ የለ፣ ቆዳ የለ። ከዚያ ዞሮ ዱካ የሚከተለውን ልጅ «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ብሎ ሰደበው። ልጁ የአካባቢው ተወላጅ ነው፣ እኔ ያላየሁትን ደም ጠብታ ከቅጠል ላይ ሲያነብ የነበረ ልጅ ነው። ያኔ እኔም ዝም አላልኩም፣ ያልኩትን ግን እዚህ አልጽፈውም።

3. «ተሸካሚ አለ፣ ቢከብድስ?» እንዳይሉ። እኔ ተሸካሚ ነበርኩና ልንገርህ፣ አጋዘኑ ብቅ የሚለው ተሸካሚው ከኋላ ሲቀር ነው። የመጨረሻዋን ዳገት ራሳቸው ይዘው ይውጡ። ትንፋሻቸው ሳይረጋ አይተኩሱ፤ እዚህ ላይ ከበድ ያለው ጠመንጃ ውለታ ይውላል፣ አፈሙዙ እንደ ቀላሉ አይዋልልም።

4. የአየር መንገዱ ኪሎ ሌላ ነው። ጠንካራው ሳጥን ብቻውን ብዙ ኪሎ ይበላል፣ ጥይት ደግሞ ለአንድ መንገደኛ እስከ 5 ኪሎ ነው የሚፈቀደው። ወረቀቱን አንተ ስለምትጨርስ ይሄን ስማኝ፦ ያንን ሰውዬ ኤርፖርት ያስቆመው ክብደት አልነበረም፣ አንድ ቢሮ ፈቃዱ ላይ የጠመንጃውን ቁጥር አንድ አኃዝ ስቶ መጻፉ ነው። ልናሳርም ብንሄድ የመስኮቱ ሰውዬ ስልኩን እየነካካ «ነገ ና» ይለናል፤ ነገም ስንሄድ ያው «ነገ ና»። ቁጥሩን አጎትህ ከብረቱ ላይ ፎቶ አንስተው ይላኩልህ፣ አንተም መስኮቱን ሳትለቅ እዚያው ቆመህ አኃዝ በአኃዝ አመሳክር። ቢቆጡህም ቁም።

የጥይቱን ዓይነት ግን አልጻፍክም። 308 ወይም 30-06 ከሆነ ከላይ ያልኩት ኪሎ ይበቃል፣ ማግነም ከሆነ ወደ 4ቱ ይጠጋ፣ ቢያልፍም አይጎዳም። እስቲ ጠይቃቸውና እዚሁ ጻፍልኝ።