ድምፅ ሲጨምሩ መብራቱ ሰማያዊ ይሆናል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ከቴሌቪዥን ጀርባ ተለጥፎ ግድግዳውን ስለሚያበራው የኤልኢዲ ጥብጣብ የመጡ ደብዳቤዎች ተጠራቅመዋል። አብዛኞቹ የሚያማርሩት በብርሃኑ ሳይሆን በሪሞቱ ነው።

የቴሌቪዥኔ ሪሞት መብራቱንም ሊያዝልኝ ይችላል?

እንደፈለጉት አያዝልዎትም። የሌላ ሪሞት ኮድ የሚቀዳ ዩኒቨርሳል ሪሞት ከገዙ ግን አንዱ ለሁለቱም ይበቃል፤ ያውም መብራቱ ዐይን በማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የሚታዘዝ ከሆነ ነው።

አንድ አንባቢ ድምፅ በጨመሩ ቁጥር ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው መብራት ሰማያዊ ይሆናል፤ ሲቀንሱ ደግሞ ድርግም ይላል። ሻጩ “ቴሌቪዥንዎ ተበላሽቷል” ብሎ ሸኝቷቸዋል። የቤተሰቡ አባላትም የየራሳቸውን ጥርጣሬ ይዘዋል።

ቴሌቪዥኑ ደህና ነው። ሻጩ የሸጠውን ዕቃ አያውቀውም። አብዛኞቹ ሪሞቶች መልእክት የሚልኩት በዚሁ በኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ የሞገዱ ርዝመት ብዙውን ጊዜ 940 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን በሰከንድ ወደ 38,000 ጊዜ ይርገበገባል። ኤንኢሲ በሚባለው በጣም የተስፋፋ የአላላክ ሥርዓት አንድ ቁልፍ ሲጫኑ የመሣሪያው አድራሻና ትእዛዙ አብረው ይሄዳሉ። ተቀባዩ አድራሻው የእርሱ ካልሆነ ዝም ማለት አለበት። ነገር ግን ብዙዎቹ ርካሽ የመብራት መቆጣጠሪያዎች (ጥብጣቡ የሚሰካባቸው ትንንሽ ሳጥኖች) የሚሠሩት ተመሳሳይ አድራሻ እየተሰጣቸው ነው፤ አንዳንዶቹም አድራሻውን በቅጡ ሳያጣሩ ትእዛዙን ብቻ ይፈጽማሉ። ሁለት ልጆች በአንድ ስም በሚጠሩበት ቤት አንዱን ሲጣሩ ሁለቱም አቤት ይላሉ። ተመሳሳይ ሌላ ጥብጣብ ኖሮዎት ሁለቱ በአንድ ሪሞት አብረው ቢታዘዙም፣ የመብራቱ ሪሞት የድምፅ ማጉያውን ቢያጠፋብዎትም ምክንያቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ያረጋግጡ። ከመቆጣጠሪያው በቀጭን ሽቦ ተንጠልጥሎ የሚወጣውን ትንሽ ጥቁር ዐይን በመዳፍዎ ጭብጥ አድርገው ይያዙና በቴሌቪዥኑ ሪሞት ድምፅ ይጨምሩ። መብራቱ ካልተቀየረ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከዚያ ብርሃኑን እንደሚፈልጉት አስተካክለው ዐይኑን ይሸፍኑት። ጥቁር ናስትሮ አንዳንዱ ኢንፍራሬድ ስለሚያሳልፍ ከላዩ አሉሚኒየም ፎይል ይጠቅልሉበት፤ ፎይሉ ግን የሽቦ ጫፍ እንዳይነካ። ከመሸፈንዎ በፊት መብራቱን ነቅለው መልሰው ይሰኩት፤ አንዳንድ መቆጣጠሪያ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥበት የተስተካከለለትን ሁሉ ይረሳል። የሚረሳ ከሆነ መቆጣጠሪያውን ብቻ ይቀይሩ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ የሚሠራና ከገዛ ሪሞቱ ጋር የሚጣመር፣ ወይም ሽቦው ላይ ቁልፍ ያለው ማደብዘዣ ከቴሌቪዥኑ ሪሞት ጋር አይጋጭም። ሲገዙ ቮልቱንና የሽቦውን ቁጥር ያመሳስሉ፤ አንድ ነጭ ቀለም ብቻ ያለው ጥብጣብ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሽቦ፣ ባለ ቀለሙ አራት ሽቦ አለው።

ለመሆኑ 44 ቁልፍ ያለው ሪሞት ለምን አስፈለገ? ይህ መብራት የሚለጠፈው በጨለማ ክፍል ውስጥ ደማቅ ስክሪን ብቻውን እያፈጠጠ ዐይን እንዳያደክም ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የሆነ ነጭ ብርሃን ነው፤ የቴሌቪዥን ምስል ነጭ የሚለካውም በዚሁ ነው። ድምቀቱ ከስክሪኑ ደማቅ ነጭ አንድ አሥረኛ አካባቢ ቢሆን ይበቃል። ግድግዳው ቀይ ሲሆን ዐይን ያንን ለማካካስ ሲል የስክሪኑን ቀለም ያዛባዋል፤ ውድ ስክሪን የገዛ ሰው በርካሽ ጥብጣብ የገዛውን ምስል ያበላሻል ማለት ነው። ሦስቱን ቀለማት ደባልቆ የሚወጣው ነጭም ብዙውን ጊዜ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ነጭ ብቻ የሚያበራ፣ ሲአርአይ የሚባለው የቀለም ታማኝነት መለኪያው ከ90 በላይ የሆነ ጥብጣብ ያድርጉ፤ አንዴ ካስተካከሉት በኋላ ሪሞቱን መፈለግዎም ይቀራል።

ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ መብራቱ አይጠፋም።

አንዳንድ ቴሌቪዥን ተዘግቶም የዩኤስቢ ቀዳዳው ኤሌክትሪክ ይሰጣል። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ይህን የሚያቋርጥ ምርጫ ካላገኙ ማብሪያ ማጥፊያ ባለው ሶኬት ይጠቀሙ። መደበኛ ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 5 ቮልትና 0.5 አምፔር፣ ማለትም 2.5 ዋት ብቻ ስለሆነ ረጅም ጥብጣብ አይጫኑበት። ባለ 5 ቮልቱን ጥብጣብ በ12 ቮልት አዳፕተር ከሰኩት ደግሞ ያቃጥሉታል።

ሪሞቱ ጠፋብኝ።

መልኩና የቁልፎቹ ብዛት ተመሳሳይ የሆነ ይግዙ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ከላይ ያማረርንበት የአድራሻ መመሳሰል ለእርስዎ በረከት ነው።

መብራቱ ሲበራ ራሴን ያመኛል።

ድምቀቱን ይቀንሱ። ርካሽ ማደብዘዣ ብርሃኑን የሚቀንሰው በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሆነ እሱንም ቀይረው ይሞክሩ። ካልተሻለዎት የዐይን ሐኪም አለ።

አንዲት እናት የሪሞቱ ባትሪ ማስቀመጫ ተከፍቶ ባትሪዋ እንደጠፋች፣ የሁለት ዓመት ልጃቸውም እዚያው ሲጫወት እንደነበር ጽፈው “ምትኩን ከየት ልግዛ?” ይላሉ።

ግዢው ይቆይ! ይህን ሲያነቡ ባትሪዋ ካልተገኘች፣ ልጁ ውጧት ሊሆን እንደሚችልም ከጠረጠሩ፣ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዘውት ሄደው ኤክስሬይ እንዲነሣ ይጠይቁ። በእነዚህ ስስ ሪሞቶች ውስጥ በብዛት የሚገባው ሲአር 2025 የተባለው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ባትሪ 20 ሚሊሜትር ስፋት ስላለው በሕፃን ጉሮሮ ሊቀረቀር ይችላል። የተቀረቀረ ባትሪ እርጥብ ሥጋ ሲነካ ኤሌክትሪኩ የሚያቃጥል ኬሚካል ይፈጥራል፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ሊያቆስል ይችላል። ልጁ ደህና መስሎ መጫወቱ አያዘናጋዎት፤ ምልክቱ ሊዘገይ ይችላል። እንዲያስታውከው አይሞክሩ። “ያለቀ ባትሪ ነው” ማለትም አያዋጣም፤ ሪሞት ለማሠራት ያነሰው ጉልበት ሥጋ ለማቃጠል አያንስም። እዚህ ላይ ከሐኪም በቀር የማንንም ምክር አይስሙ፣ የእኔንም ጭምር። ልጁ ደህና መሆኑ ሲረጋገጥ የሪሞቱን ባትሪ ማስቀመጫ በናስትሮ ያሽጉት።

አዲሱ ሪሞት ከነጭራሹ አይሠራም፤ ዕቃውን ልመልስ?

ከባትሪ ማስቀመጫው ብቅ ያለችውን ስስ ላስቲክ ስበው አውጥተዋል?