«መርጬ ነው ሥራ የተውኩት» ስትል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የሳቢያን ነዋሪ ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት 5 ዓመት ሠርቻለሁ። የወሊድ ፈቃዴ በቅርቡ ያልቃል። ባለቤቴ «ደመወዝሽ ከሞግዚት አይተርፍም፤ ልቀቂና ልጃችንን አሳድጊ» ይለኛል። ሥራ ትታ ቤት የዋለች ጓደኛዬ «መርጬ ነው፣ አልተጸጸትኩም» ትላለች። ጎረቤቴ ግን በወለደች በወሩ ቀፊራ ገበያ ተመልሳ ቲማቲም ትሸጣለች። የቷን ልከተል?
አራሷ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ እህታችን፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ሁለቱንም አትከተዪ። ጓደኛሽ የምትኖርበት ቤት የኪራይ ነው ወይስ የራሳቸው? እናቷ ቅርብ ናቸው? ባሏ ሥራ ቢያጣ ስንት ወር የሚያቆያቸው ገንዘብ አለ? ነገ ልመለስ ብትል የሚያስቀጥራት ሙያ አላት? «መርጬ ነው» ለማለት የበቃችው እነዚህ ስላሏት ነው። ምርጫዋ እውነተኛ ነው፣ ግን ለሁሉም ሴት የቀረበ አይደለም። ጎረቤትሽ የሚከፈልበት የወሊድ ፈቃድ የላትም፤ ካልሸጠች የዕለቱ ገቢ የለም። «አራስ ልጇን ጥላ ወጣች» ብሎ እሷን መውቀስ ግፍ ነው።

አንቺ መካከል ላይ ነሽ፤ በእጅሽ ያለውን ቁጠሪ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ከወለድሽ እስከ 4 ወር ድረስም በመውለድሽ ምክንያት ሊያሰናብቱሽ አይችሉም። ይህን ጥበቃ የሚያፈርሰው የራስሽ የመልቀቂያ ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ አሁን አትፈርሚ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ ካለ (ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል) ከወሊድ ፈቃድሽ ጋር እንዲያያዝልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። አንዱን ቅጂ ቀን አስጽፈሽና ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። በቃል የተባለ «ችግር የለውም» አለቃ ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የባለቤትሽ ሒሳብ የተሳሳተ ነው። የሞግዚቷ ደመወዝ ካንቺ ብቻ ለምን ይቀነሳል? ልጁ የሁለታችሁ ነው፤ ወጪውን ከሁለታችሁ ደመወዝ ድምር ቀንሳችሁ እዩት። ከደመወዝሽ ጋር የሚቆመውንም ጨምሩበት፦ በየወሩ ካንቺ 7፣ ከድርጅቱ 11 በመቶ የሚገባው የጡረታ መዋጮ አለ። የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፤ ግማሹን ሠርተሻል።

ይህን ሁሉ አይተሽ ብትለቂም ነውር የለበትም፤ ነገር ግን አስቀድመሽ ተነጋገሪ። በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በትዳር ውስጥ የሚገኝን ገቢ የጋራ ያደርገዋል፤ የጋራ ቤት ያለ ሁለታችሁ ፈቃድ አይሸጥም። ሕጉ ግን ገንዘቡን ከባልሽ ኪስ አውጥቶ እጅሽ ላይ አያስቀምጥም። ከመልቀቅሽ በፊት የጋራ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ በስምሽም ዕቁብ ግቢ፣ መዋጮውንም ከቤት ወጪ መድቡለት።

ወደ ሥራ ከተመለስሽ ደግሞ ያንቺ ምርጫ በሌላ ሴት ትከሻ ላይ ያርፋል። የቤት ሠራተኞችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍናቸውም፤ ሞግዚቷን የሚጠብቃት ውላችሁ ነው። የደመወዟን ቀን፣ በሳምንት አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀኗንና የማታ ትምህርት የምትሄድበትን ሰዓት ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ውሉ ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው እዚህ ሰዓት ላይ ነው፤ እናት ከሥራ ስትዘገይ ሞግዚቷ ከክፍል ትቀራለች። ስለዚህ ባለቤትሽ ልጁን የሚይዝባቸው ቀናት በስሙ ተለይተው ይጻፉ።